ስለትን ከመንገድ በፊት ስለ መፈተን

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከታሪክ አንዳንድ ርእስ እየመረጥን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ታላላቅ ሰዎች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኛ የመረጥነው ቢላዋን ነው። ርእሳችን በክፍል ውስጥ በተነበበ ጊዜ ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ አስተማሪያችንም ፈገግ ብለው፥ «ቢላዋ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ሲሉ ጠየቁን። ያን ጊዜ የምንመልሰው ጠፍቶን ዝም አልን። መልሳችን ይህ ጽሑፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። የጉዞ ክበባችን ከደባርቅ ተነሥቶ በሰንቃበርና በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ ድረስ በሰሜን ተራሮች ላይ ለአራት ቀን በእግር ለመሄድ ተሰናዳ። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ነው፤ ገደሉም ወደ ታች ሲያዩት ራስ ያዞራል። ገመድ የሚቈርጥ፥ የድንኳን ካስማ የሚያሾል፥ ቆርቆሮ የሚከፍትና ዳቦ የሚቈርስ ቢላዋ ያስፈልገን ነበር። (እንጨት ልንቈርጥ እንዳልነበረ እናስታውቃለን፤ በፓርኩ ውስጥ ዛፍ መንካት የተከለከለ ስለሆነ ካስማችንን ይዘን ነበር የሄድነው።) በሱቅ ያየነው የውጭ አገር ቢላዋ ዋጋው ከክበባችን ሣጥን በላይ ሆነ። ስለዚህ ከአንድ ጋራዥ የተጣለ አሮጌ ባሌስትራ ለምነን ወሰድንና፥ ከከተማው ዳር ላሉ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ሰጥተን ሦስት ቢላዋ እንዲሠሩልን ተዋዋልን።

ቢላዋዎቹ ተሠርተው በመጡ ጊዜ ግን ፍርሃት ያዘን። ከመካከላችን አንዱ፥ «ገደል አፋፍ ላይ ገመድ ስንቈርጥ ቢሰበርስ?» አለ። የፊዚክስ አስተማሪያችን መልስ አጭር ነበረ፤ «ፈትኑታ!» አሉን። እንዴት እንደሚፈተን ግን ከእኛ ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ስለታቸውን እንዴት ይፈትኑ እንደ ነበር ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን።

በመጀመሪያ ያገኘነው ሳይፈትኑ መሄድ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1885 ከ1,500 የማይበልጥ የእንግሊዝ ጦር በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን በሱዳን በረሃ ይጓዝ ነበር። ጥር 17 ቀን አቡ ክሌያ በሚባል የውኃ ጕድጓድ አጠገብ ደርቡሾች ገጠሙት። እንግሊዞቹ እንደ ልማዳቸው በአራት ማዕዘን ሰልፍ ቆመው ሳለ፥ የሰልፉ አንድ ማዕዘን ተከፈተና ደርቡሾች ወደ ውስጥ ገቡ። በዚያች ጭንቅ ሰዓት የታመኑበት መሣሪያ ሁሉ ከዳቸው። የጋርድነር መትረየሳቸው ጥቂት ተኵሶ ቆመ። ማርቲኒ ሄንሪ የተባለው ጠመንጃ ሲግልና አቧራ ሲገባበት ቀለሁን አልተፋ አለ። ወታደሮቹ ወደ ሳንጃ በዞሩ ጊዜ ደግሞ ከሳንጃዎቹ ብዙዎቹ እንደ ቆርቆሮ ታጠፉ። ውጊያው የፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከእንግሊዞቹ ከ70 በላይ፥ ከደርቡሾቹ ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ። የተረፈው ጦር ወደ ካርቱም ሳይደርስ ከተማዪቱ ጥር 26 ቀን ተያዘች፤ ጎርደንም ተገደለ። እነዚሁ ደርቡሾች ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በመተማ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጉትና ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበት ጦር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል።

ሳንጃው መታጠፉ በለንደን ብዙ ቍጣ አስነሣ። ጉዳዩ በጋዜጦች ተጻፈ፤ በፓርላማም ጥያቄ ቀረበ፤ መንግሥትም የስለት መፈተኛውን ደንብ ለማጥበቅ ተገደደ። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያችው ለንደን ሄንሪ ዊልኪንሰን የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ከአቡ ክሌያ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የጎራዴ መፈተኛ መኪና ሠርቶ ነበር። በመኪናው የጎራዴው ስለት በተለካ ኃይል ይመታል፤ ከዚያም ይታጠፋል፤ ሲለቀቅ ወደ ቀጥታው ካልተመለሰ ይጣላል። ፈተናውን ያለፈ ጎራዴ ከእጀታው በላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ ይቀረጽበትና በኮከቡ መካከል ትንሽ የነሐስ ክብ ይተከልበት ነበር። ያን ኮከብ ያየ መኰንን በጎራዴው ይታመናል። እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ፤ መኪናውም ነበረ፤ ለተራው ወታደር ሳንጃ ግን እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ አልተደረገለትም። መኰንኑ ጎራዴውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ወታደሩ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ የሚያናድደን መሆኑን ሳንደብቅ እንጽፋለን። የዊልኪንሰን ድርጅት ጎራዴ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አቁሟል፤ ስሙን የዛሬ ሰው የሚያውቀው በጢም መላጫው ነው።

የጃፓኖቹ ፈተና እጅግ የሚዘገንን ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በኢዶ ዘመን ጎራዴ የሚፈተነው ሞት ተፈርዶባቸው በተገደሉ ሰዎች ሬሳ ላይ ነበር፤ ይህንም ሥራ ያማዳ አሳኤሞን በሚል ስም የሚጠራ ቤተ ሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ይሠራው ነበር። የፈተናው ውጤት በእጀታው ውስጥ በሚሸፈነው የብረቱ ጭራ ላይ፥ አንዳንድ ጊዜም በወርቅ፥ ይጻፍበታል። ጎራዴውን ያነገተ ሰው እጀታውን ካላወለቀ በቀር ጽሕፈቱን አያየውም። ይህች ነገር ኋላ ስለምትመጣ አንባቢ እንዲያስታውሳት እንለምናለን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችን የተሳበው ወደ ኔፓል ነው። ኵኵሪ የሚባለው ጎባጣ ካራ የኔፓል ገበሬ እንጨት የሚፈልጥበት፥ ሥጋ የሚቈርጥበት፥ ጫካ የሚመነጥርበት መሣሪያ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1816 ከኔፓል ጋር በተዋጉ ጊዜ ጉርካዎቹ ከነካራቸው አስደንግጠዋቸው ስለ ነበር፥ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1815 ጉርካዎችን ራሳቸውን በወታደርነት መቅጠር ጀመሩ። ከሰገባው ጋር ሁለት ትናንሽ ብረቶች አሉበት፤ አንዱ ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን ስለታም ነው፤ ሌላው ደነዝ ሆኖ ትልቁን ካራ ለመሳልና ከድንጋይ ጋር ተመትቶ እሳት ለማውጣት ያገለግላል።

አሁን ኵኵሪ የሚሠራበት ብረት አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ ሳቅን፤ የእኛ ሽማግሌ የሚሠሩበት ብረት ይኸው ነውና። የኔፓል ቀጥቃጭ ካራውን ቀጥቅጦ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ በእሳት ያግለዋል፤ ከዚያም ሁሉንም ውኃ ውስጥ በመንከር ፈንታ በማንቆርቆሪያ ትኩስ ውኃ እየቀዳ በስለቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ያፈስበታል። በዚህ ምክንያት ጠርዙ ይጠነክራል፤ ጀርባው ግን ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል።

የዚህ ጥበብ ምሥጢር እንዲህ ነው። በስለት ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁለት ሲሆን፥ ይኸውም ወይ መታጠፍ ወይ መሰበር ነው። ካርቦን የሌለው ብረት እንደ ልብ ይቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ስለቱ ወዲያው ይዶለዱማል። ከመቶ ግማሽ እስከ አንድ እጅ የሚሆን ካርቦን ያለበት ብረት ደግሞ እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ ሞረድ የማይነካው ጠንካራ ይሆናል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር ባይኖረውም የብረቱን መልክ ያያል፤ ብረት 770 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ስለሚተው ዛሬ አንዳንዶች በማግኔት ይለኩታል። ይሁን እንጂ እንደዚያ የጠነከረ ብረት እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ እንደገና በዝግታ ይሞቃል፤ ፊቱ ተወልውሎ ሲታይ መጀመሪያ የገለባ መልክ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። የገለባው መልክ 220 ዲግሪ ያህል ሲሆን ለስለት ይስማማል፤ ሰማያዊው 300 ገደማ ሲሆን ለምንጭ ብረት እንጂ ለቢላዋ ጠርዝ አይሆንም። ሥራው ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ኔፓል እንመለስ። ይህን ካራ የሚሠሩት ሰዎች ካሚ ይባላሉ። ኔፓል ወታደሮችዋ በዓለም የተመሰገኑበትን መሣሪያ የሚሠሩትን እነዚህን ሰዎች ከማይነኩት ወገን ቈጥራቸው ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1854 የወጣው የአገሩ ሕግ ይህን ልዩነት በጽሑፍ አጸናው፤ የሠሩትን ካራ በወገቡ የታጠቀው ሰው ከእጃቸው ውኃ አይቀበልም ነበር። በ1963 የወጣው አዲሱ ሕግ የዘር ልዩነቱን ሻረ፤ በ2011 ደግሞ ሰውን አትነካኝ ማለት ወንጀል ነው የሚል ሌላ ሕግ ተጨመረበት። አንድ ነገር በሕግ ተሽሮ ሳለ ከ48 ዓመት በኋላ ሌላ ሕግ ያስፈለገው ለምንድር ነው? ብለን ተጠያየቅን። ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን ግን ራሱን አቀርቅሮ ዝም አለ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አላወቅንም።

ከዚህ ወዲህ ያለው የፈተና ታሪክ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ሞራን የሚባል ቀጥቃጭ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፥ ሊጠፋ የደረሰውን በእጅ ቀጥቅጦ ቢላዋ የመሥራት ሙያ ለማቆየት አንድ የቀጥቃጮች ማኅበር አቋቋመ። ወደ ማኅበሩ ማዕርግ የሚገባ ሰው ራሱ የሠራውን ቢላዋ ይዞ ይቀርባል። በመጀመሪያ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ፥ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ገመድ በአንድ ምት መቍረጥ አለበት። ቀጥሎ ወፍራም የቤት ጣውላ ሁለት ጊዜ ቈርጦ ይጥላል። ከዚያም ሳይስለው በዚያው ቢላዋ የክንዱን ጠጕር ይላጫል። በመጨረሻ ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ጠርዙ ጥቂት ቢሰነጠቅ ይፈቀድለታል፤ ለሁለት ከተሰበረ ግን ሰውየው ወድቋል። ፈተናው ቢላዋውን ያጠፋዋል። እኛ ሦስት ቢላዋ ብቻ ስለ ነበረን እስከዚያ ልንደርስ አልቻልንም።

እንግዲህ የእኛን ፈተና እንናገር። ቅዳሜ ጧት በትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ተሰበሰብን፤ የፊዚክስ አስተማሪያችን ከአጠገባችን ቆሙ፤ ከጋራዥ በተዋስነው መነጽር ዓይናችንን ሸፈንን። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ቢላዋ በክር አንጠልጥለን በምስማር መታነው። ሁለቱ እንደ ደወል ጮኹ፤ የሦስተኛው ድምፅ ግን ደብዛዛ ነበረ። «እጀታው ስለ ላላ ይሆናል» ብለን አለፍነው። ይህን አስታውሱልን። ቀጥሎ በሞረድ ጠርዙን ነካነው፤ ሞረዱ በሦስቱም ላይ እየተንሸራተተ ሄደ፤ በጀርባቸው ግን ያዝ አደረገ፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። የነሐስ ዘንግ በሞርሳ አስረን ጠርዙን ተጭነን ሳብንበት፤ ጠርዙ ጥቂት ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። ጎብጦ ቢቀር ልስልስነቱ በዝቷል፤ ቢሸረፍ ደግሞ ድርቀቱ በዝቷል ማለት ነው።

የቃጫውን ገመድ እንደ አሜሪካኖቹ በአንድ ምት እንቈርጣለን ብለን ነበር። አልሆነልንም፤ ሦስት ጊዜ መታን። ጥፋቱ የቢላዋው ይሁን የክንዳችን እስካሁን ይከራከራሉ። ከዚያ በደረቅ የወይራ እንጨት ላይ እየተቀያየርን በእያንዳንዱ ቢላዋ መቶ መቶ ጊዜ መታን። ወይራ ቀላል እንጨት አይደለም፤ መዳፋችን ተላጠ። ሁለቱ ቢላዋዎች ከመቶው ምት በኋላ የደብተር ወረቀት ያለ ድምፅ ቈረጡ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ደስ አለን፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን ፈተናው በዚሁ ይብቃ አልን። አስተማሪያችን ግን ሞርሳውን አመለከቱን።

በሞርሳ ጫፉን አስረን በእጀታው በኩል የብረት ቧንቧ አስገብተን በቀስታ ገፋነው። ያሰብነው እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ታጥፎ ሲለቀቅ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ተመለሰ፤ ነገር ግን ጥቂት ጎብጦ ቀረ። ሦስተኛው 10 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ እንደ ጥይት ጮኾ ከእጀታው በላይ ተሰበረ፤ ስብርባሪውም ወርዶ የወለሉን ጣውላ ነደለ። ያ ስብርባሪ መነጽር ያላደረገ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ዓይነት እንጽፈው ነበር።

ወዲያው ከእኛው አንዱ፥ «ድሮስ ከቀጥቃጭ ምን ይጠበቃል!» አለ። ማን እንደ ተናገረው አንጽፍም፤ የተናገረው አንድ አፍ ቢሆንም ሳቁ የሁላችንም ነበርና። ከሳቁ በኋላ ያ ቀድሞ ያቀረቀረው ጓደኛችን መነጽሩን አውልቆ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፥ «አያቴ ቀጥቃጭ ነው» አለን። አራት ዓመት አብረን ስንማር ይህን ነግሮን አያውቅም ነበር። የማይነግረን ለምን እንደ ነበረ በዚያች ደቂቃ ገባን። (ይህን እንድንጽፍ ራሱ ፈቅዶልናል፤ እንዲያውም እንዳታስቀሩት ብሎናል።)

በዚህ ቦታ የአገራችንን ታሪክ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ለገበሬው ማረሻ፥ ለቤት እመቤቷ ቢላዋ፥ ለጦረኛው ጦርና ጎራዴ የሠራለት ቀጥቃጭ ነው፤ የተከፈለው ግን ቡዳ የሚል ስም ነው። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል በብረት ሥራ፥ በሸክላና በግንብ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ገበያው በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ ሕዝቡ ይሸሻቸው ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ፥ ይልቁንም በ1991፥ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚሲዮን ሰዎችንና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን መድፍ ባሠሩ ጊዜ የእጅ ሥራን አክብረው ነበር፤ ሆኖም የንጉሡ አክብሮት ወደ ገበያ አልወረደም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል፥ የሚሳደበውም እንደሚቀጣ የሚያስታውቅ አዋጅ አስነገሩ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁን በታሪክ ትምህርት አንብበነዋል፤ ለፈተናም አጥንተነዋል።

በሕፃንነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የሳሙኤል መጽሐፍም አንድ ነገር ይነግረናል። ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ ስላደረጉ፥ እስራኤላውያን ማረሻቸውንና መጥረቢያቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው ይወርዱ ነበር፤ በጦርነቱም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ የያዘ አልተገኘም። እነርሱ ብረት ሠሪያቸውን የነጠቃቸው ጠላት ነው። እኛን ግን ማንም አልነጠቀንም።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ የተሰበረውን ቢላዋ ይዘን ወደ ሽማግሌው ሄድን፤ ያ ጓደኛችንም ከፊታችን ሄደ። ወናፉን የሚነፋ ልጅ ነበረ፤ እርሳቸው በመስፉ ፊት ተቀምጠው ማረሻ ያሾላሉ። ጓደኛችን፥ «አባባ፥ አንደኛው ተሰበረ» አላቸው። እኛ ቍጣ ወይም ልመና ጠብቀን ነበር። ሽማግሌው ግን ስብርባሪውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ብረቱን ከየት ነው ያመጣችሁት?» አሉ።

«ከጋራዥ፤ ከተጣለ መኪና ነው።»

«ቅረቡና እዩ» አሉን። ቀርበን አየን። የተሰበረበት ፊት ሁለት መልክ ነበረው፤ ሲሶው ጥቁር፥ የቀረው የሚያብረቀርቅ አመድማ። «ይህ ጥቁሩ እሳት ያየ ነው፤ ይህ ነጩ ዛሬ የተወለደ ነው። ስንጥቁ ከእኔ እሳት በፊት ነበረ። ባሌስትራ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ብዙ ዘመን ከኖረ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ በዓይን አይታይም።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ሳልመታው በፊት ድምፁን መስማት ነበረብኝ፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ቶሎ ቶሎ ብላችሁ አጣደፋችሁኝ፤ ይኼ ደግሞ የናንተ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ድምፁንማ እኛም ሰምተን ነበር። በክር አንጠልጥለን የደበዘዘውን ሰምተን ያለፍነው እኛ ነን፤ ከዚያም በኋላ በሠሪው ላይ የሳቅነው እኛው ነን። ይህን ነገርናቸው። ስለ ሳቁ ግን አልነገርናቸውም፤ ጓደኛችንም አልተናገረብንም።

ሽማግሌው ከደጃቸው ክምር ሌላ ብረት መርጠው፥ ከመስፉ ጠርዝ ላይ አንኳኵተው በጆሯቸው አዳምጠው ጣሉት፤ ሌላ አነሡ፤ እሱንም ጣሉት፤ አራተኛውን ያዙ። እንደ ልማዳቸው ውኃ ውስጥ ሊነክሩት ነው ብለን ስንጠብቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከቆርቆሮ አወጡ። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ «የመኪና ብረት ውኃ አይወድም፤ ይደነግጣል» አሉን። በኋላ የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ስንጠይቅ፥ በባሌስትራ ውስጥ ከካርቦን ሌላ ክሮም ስላለበት በዝግታ በዘይት ቢቀዘቅዝም እንደሚጠነክር፥ በውኃ ግን ሊሰነጠቅ እንደሚችል አስረዱን። ያ ጥቂት ጎብጦ የቀረው ሁለተኛው ቢላዋም እንደገና እሳት ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ አላጣደፍናቸውም፤ አሥር ቀን ጠበቅን።

እንደገና ፈተንናቸው። ሦስቱም ጮኹ፤ ሦስቱም ታጥፈው ተመለሱ። ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ለመንናቸው፤ እንደ ዊልኪንሰን ኮከብ ምልክትዎን ይምቱልን አልናቸው። ሽማግሌው ምልክት የላቸውም። በ50 ዓመት ሥራ ውስጥ ስምህን ጻፍበት ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩን። ከዚያ መብሻቸውን አንሥተው የአንዱን ቢላዋ እጀታ አወለቁና፥ በውስጡ በሚደበቀው ጭራ ላይ ሦስት ነጥብ መቱ፤ እጀታውንም መልሰው ገጠሙት። ስለ ጃፓኖቹ ጽሕፈት ልንነግራቸው ጀምረን ነበር፤ ማረሻውን የሚጠብቅ ገበሬ ስለ መጣ ሳንጨርስ ቀረን።

በሰሜን ተራሮች ላይ አራት ቀን ዋልን አደርን። ቢላዋዎቹ ዳቦና ገመድ ቈረጡ፤ በግጭ ሌሊቱን ነፋስ ያወላገደውን ካስማ አሾሉ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የበቅሎዪቱ ጭነት ተንሸራቶ ገመዱ ሆድዋን ባነቃት ጊዜ ያ ጓደኛችን በአንድ ምት ቈረጠው። (ገመዱ ከቃጫው ይቀጥን ነበር፤ ስለዚህ የአሜሪካውን ማዕርግ አልጠየቀም።)

ሦስት ነጥብ ያለበት ቢላዋ አሁን ከነፈተናው ወረቀት በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል። በሚመጣው ዓመት ይዘውት ለሚሄዱ ተማሪዎች የምንነግራቸው፥ እጀታው ወይራ ስለሆነ በበጋ እየደረቀ ምስማሮቹ ይላላሉ፤ ከመነሣታቸው በፊት ያጥብቁት፤ ከዚያም በክር አንጠልጥለው ድምፁን ይስሙት።